የክሊቭላንድ አቬኑ ፈረንሳዊ

ንጉሤ አሜሪካ ያለችውን ኮሎምበስን ከተማ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። "ይህ ፓርኪንግ ሎት" ነው የሚላት። ግማሽ ዕድሜውን ኖሮባታል፣ ቤት ገዝቶባታል፣ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዶችን በትንሽ አውቶቡስ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ሊወጣባት ነው፤ ግን በደግ ሲያነሳት የሰማ የለም። ቤክስሊ ሰፈር ያሉትን የድሮ የጡብ ቤቶች የሚያደንቅ ሰው ካጋጠመው፣ "መቶ ዓመት ነው ያልከኝ? ፈረንሳይ ውስጥ መቶ ዓመት የሆነው ቤት ገና ቀለሙ አልደረቀም ይባላል" ይላል። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላስታውስም። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚስቀው ግን እሱ ነው።

የተወለደው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። ፈረንሳዮቹ አለቆች ለገና የሚሰጧቸውን ቸኮሌት ቤት አምጥተው ለልጆቻቸው በቢላ እየከፈሉ ያድሉ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። የነገረኝ ስለ አባቱ ሊነግረኝ ፈልጎ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሲገባኝ ስለ ቸኮሌቱ ነው። ሚስዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ፈረንሳይኛ ተማረ፤ ከዚያ ስደት መጣና ጅቡቲ ተቀመጠ። ከጅቡቲ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ፓሪስ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ወንበር ላይ አንድ ሌሊት አደረ። "ፓሪስ በነበርኩበት ጊዜ" እያለ የሚጀምረው ወሬ ሁሉ የበቀለው ከዚያች ወንበር ነው። ከመካከላችን ታላቁ ጋሽ ወልደሚካኤል በዚያው አውሮፕላን አብረውት ስለመጡ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን ሰው ማሳፈር አይወዱም። ንጉሤ ስለ ፓሪስ ሲያወራ ወደ እሳቸው ከዞረ፣ "አዎ፣ አብረን ነበርን" ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሰሎሜ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የያዘችው። ልጇን አስተምራ ድራለች፤ ቤቱን ግን ለአንድ ሳምንት እንኳ ዘግታ ዕረፍት ወጥታ አታውቅም። ንጉሤ ከሥራ ሲወጣ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሽሮውን እየበላ ሽሮውን ይንቃል። "ማዳም ሰሎሜ፣ ሶስ ማለት እኮ ይህ አይደለም" ይላታል፤ ሳህኑን ግን በእንጀራ ጠርጎ ነው የሚመልሰው። እሷ ትስቅለታለች።

ለምን እንደምትስቅለት አይገባኝም ነበር። ለሁላችንም አይገባንም ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዋ እትዬ ሙሉወርቅ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። ሙሉወርቅ ዎርዝንግተን ውስጥ የአሜሪካ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው የምትንከባከብ፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ታግሣ ማታ በአማርኛ የምትተነፍስ ምላሰኛ ሴት ናት። ሰሎሜ የመለሰችላት፣ እዚህ ቤት የሚገባው ሰው ሁሉ ወሬው ሞርጌጅና ኢንሹራንስ ነው፤ ይህ ሰውዬ ቢያንስ ስለ ወንዝና ስለ ድልድይ ያወራል ብላ ነው።

"ስለማያውቀው ወንዝ" አለች ሙሉወርቅ።

"ይሁን። እኔም አላውቀውም" አለች ሰሎሜ።

ባለፈው ክረምት ንጉሤ ሽማግሌ ላከባት። እኛን በአገር ቤት ልማዳችን ሲያላግጥብን የኖረው ሰው፣ ለራሱ ጉዳይ ሲሆን የአባቶቹ ሥርዓት ትዝ አለው። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ወልደሚካኤል ሆኑ። እኔም ገባሁበት፤ እንደዚህ ያለ ነገር ላይ ሰው ሲጎድል የምጠራው እኔ ነኝ፣ ብዙ ስለማልናገር ይመስለኛል። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ሰሎሜ መጀመሪያ አስቀመጠችን። ከዚያ እንደማትጠላው፣ ግን የምታውቀው መስኮት ሥር ተቀምጦ ብቻ መሆኑን ነገረችን። ደጅ ወጥቶ፣ ሰው መሃል ቆሞ አላየችውም።

"ፈረንሳይን ላሳያችሁ ሲል ስንት ዓመቱ ነው" አለች። "እንግዲህ ያሳየን። እኔም ቤቴን ልዝጋና ሰው የሚያየውን ልይ። ስንመለስ ኑና መልሴን ውሰዱ።"

መልእክቱን ስናደርስለት ጉዞው ፈተና መሆኑ ያልገባው እንዳይመስላችሁ። በደንብ ገብቶታል። "በራሴ ሜዳ ላይ ጠራችኝ" ብሎ ሳቀ። ሰው እንዲህ ልቡ ሞልቶ ሲስቅ ማየት ደስ ይላል መሰለኝ፤ እኔን ግን ደስ አላለኝም።

ስድስት ሆነን ሄድን። ንጉሤ፣ ሰሎሜ፣ ሙሉወርቅ፣ ጋሽ ወልደሚካኤልና ባለቤታቸው ወይዘሮ ህብረት፣ እኔም። ሁሉን ነገር ቡክ ያደረገው ንጉሤ ነው፤ ደንቡንም ያወጣው እሱ ነው። ፈረንሳይ የሚታየው ቀስ ብሎ ነው፣ አለ። አንድ ከተማ ገብቶ፣ አደባባዩ ላይ ተቀምጦ፣ ድንጋዩ ራሱ እስኪናገር መጠበቅ ነው። የሚሮጡት አሜሪካኖች ናቸው፣ ፎቶ አንስተው የሚሄዱት ደግሞ እንደ እኛ ያሉ "ትናንት ጫማ ያደረጉ" ሰዎች ናቸው። ይህን ያለው ገና ኮሎምበስ አየር ማረፊያ ሳለን፣ የወይዘሮ ህብረትን ሻንጣ እየመዘነ ነው። ሻንጣው ውስጥ በሶና ቆሎ አግኝቶ ራሱን ነቀነቀ።

በሶው ግን ያለ ነገር አልተያዘም። ቀኑን የመረጠው እሱ ነው፤ ሲመርጥ የፍልሰታ ፆም መሆኑን አላሰበም፣ ወይም አስቦ ንቆታል። ሻርትር ከተማ የደረስን ቀን ምሳ ቤት ገብተን ሥጋም፣ ወተትም፣ ዕንቁላልም እንደማንበላ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ቅቤ የሌለበት ነገር ፈረንሳይ ውስጥ ውሃ ብቻ ነው ብሎ ለራሱ አይብ አዘዘ። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየንና ሆቴላችን ውስጥ በሶ በጠበጥን። እሱ ስለ አይቡ ዘር ማንዘር አስተማረን።

ፈረንሳይኛውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሊመዝነው የሚችል ሰው አልነበረም ከመሃላችን፤ ስለዚህ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልም። የማውቀው፣ እሱ በፈረንሳይኛ በጠየቀ ቁጥር ሰዎቹ በእንግሊዝኛ መመለሳቸውን ነው። አስተናጋጁ፣ ቲኬት ሻጯ፣ የሆቴሉ ልጅ፣ ሁሉም። እያንዳንዱ ሲመልስለት ንጉሤ ወደ እኛ ዞሮ፣ "ከገጠር የመጡ ናቸው" ይላል። የሻርትር ሰው ገጠሬ፣ የብሏ ሰው ገጠሬ ሆነ። ሙሉወርቅ ሦስተኛው ቀን ላይ፣ "ጋሽ ንጉሤ፣ ይህ አገር ከተሜ የለውም እንዴ?" አለችው። ስለ ሕንፃ አሠራር የሚሰጠው ማብራሪያም እንደዚያው ነው። ካቴድራሉ ጎቲክ ነው፣ ድልድዩ ጎቲክ ነው፣ ባቡር ጣቢያውንም ጎቲክ ሊል አፉን ሲከፍት ባቡሩ መጣልን።

ሻርትር ካቴድራል በር ላይ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ተቆጣ። እዚህ አገር ጫማውን ደጅ የሚያወልቅ ወይ ለማኝ ነው ወይ እብድ ነው አለ። እሺ ብለን በጫማ ገባን፤ ሙሉወርቅ ስትራመድ እሳት የምትረግጥ ትመስል ነበር። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከላይ ግን እነዚያ ታላላቅ መስኮቶች አሉ፣ ሰማያዊና ቀይ፣ ብርሃኑ ወርዶ ወለሉ ላይና ሰው ትከሻ ላይ ይተኛል። ሰሎሜ አንገቷን አቅንታ ቆመች። ብዙ ቆየች።

"ይህን ብርሃን ማን አጥቦ አሰጣው?" አለች በመጨረሻ።

እኔ በዚያ ጉዞ ከሰማሁት ሁሉ ያች ቃል ትበልጥብኛለች። ንጉሤ ግን፣ "ማዳም፣ ይህ የአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስታወት ነው፤ ማጠብ ምናምን ማለት አይመጥነውም" ብሎ አረማት። ሰሎሜ ቀና እንዳለች ቀረች። ከሁላችንም ቀስ ብላ ማየት የቻለችው እሷ ነበረች። እኛ በሥራ ፈረቃ ያረጀን ሰዎች አደባባይ ላይ አሥር ደቂቃ ስንቀመጥ "ቀጥሎስ?" እንላለን። እሷ ሎዋር ወንዝ ዳር ተቀምጣ፣ ውሃው መሃል ብቅ ያለውን አሸዋና አሸዋው ላይ የቆሙትን ወፎች ስታይ ቀኑ ይመሽባታል። ደንቡን ያወጣው ሰውዬ ያን ጊዜ ስልኩን እያየ ነው።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን፣ ፆሙ የሚፈታበት የእመቤታችን በዓል፣ የዋልነው አንዲት ትንሽ አሮጌ ከተማ ውስጥ ነው። ስሟን አልጽፈውም፤ ከተማዋ የበደለችን ነገር የለም። በአካባቢው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፣ በእመቤታችን ስም የተሠራው የከተማዋ ካቴድራል ገብተን በዓሉን ልናስብ ተስማማን። ሰሎሜ ነጠላዋን ተኩሳ አዘጋጅታ ነበር። ደጁ ላይ ስንደርስ ዛሬስ በጫማ አልገባም አለች። አምስታችንም አወለቅን፤ ጫማዎቻችንን ግድግዳው ሥር ደረደርናቸው።

"ጋሽ ንጉሤ፣ አብረኸን ግባ እንጂ" አለችው።

"እኔ ካቴድራል የማነበው ከውጭ ነው" አለና አደባባዩን ተሻግሮ ካፌው በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

ውስጥ አበባ ከምትቀይር አሮጊት በቀር ሰው አልነበረም። ጋሽ ወልደሚካኤል ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ ደገሙ። እኛም ቆምን። ድንጋዩ እግር ይቀዘቅዛል። ሰሎሜ ስትወጣ የበሩን መቃን ተሳለመች፤ አሮጊቷ አይታት አንገቷን ዝቅ አደረገችላት።

እኛ ውስጥ ሳለን ውጭ የሆነውን ያወቅሁት ከራሱ ከንጉሤ ነው፤ በማግስቱ ባቡር ውስጥ እየተኩራራ ነገረን። አጠገቡ ባለው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ንጉሤ ሰላም ሲለው ሰውዬው በፈረንሳይኛ መለሰለት። በዚያ ሁሉ ጉዞ የመጀመሪያው ነው። ጋዜጣውን እኩል ተካፈሉ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ባቡር መዘግየት ተጫወቱ። "ከፓሪስ ነው የመጡት?" ብሎ ጠየቀኝ አለን። ምን ብሎ እንደመለሰለት አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ስንወጣ ጫማ የለም። የካቴድራሉ ጠባቂ ጥቁር ፌስታል ይዞ ካፌው በረንዳ አጠገብ ቆሞ ከንጉሤና ከሽማግሌው ጋር ይነጋገራል። ሰሎሜ በባዶ እግሯ፣ በነጠላዋ፣ ያን ኮረኮንች አደባባይ አቋርጣ ሄደች። ተከተልናት። ጠባቂው ሲያየን ደነገጠ፤ ጫማዎቹ ተጥለው የቀሩ ዕቃ መስለውት ማንሳቱን በእንግሊዝኛ አስረዳና ይቅርታ ጠየቀ። ትሑት ሰው ነበር። ከዚያ ጥፋተኛ እንዳይባል ብሎ ይመስለኛል፣ እጁን ወደ ንጉሤ ዘረጋ።

"እኚህን ሰው ከእናንተ ጋር መስለውኝ ቀድሜ ጠይቄያቸዋለሁ" አለ። "አላውቃቸውም አሉኝ።"

ንጉሤ ጋዜጣውን ይዟል። ቀና ብሎ የካቴድራሉን ማማ ያያል፤ ወደ እኛ አይዞርም። ሰሎሜ ጠበቀችው። አንድ ሰው ስህተቱን ለማረም የሚበቃውን ያህል፣ ከዚያም ትንሽ ጨምራ ጠበቀችው።

"ልክ ናቸው" አለችው ለጠባቂው በእንግሊዝኛ። "ከእኛ ጋር አይደሉም።"

ፌስታሉን ተቀብላ ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ለእያንዳንዳችን ጫማችንን አደለችን። የጋሽ ወልደሚካኤልን ማሰሪያ ራሷ ፈታችላቸው። ሙሉወርቅ አንድ እግሯን አስገብታ፣ ድምፅዋን አደባባዩን እንዲሻገር ከፍ አድርጋ፣ "ጴጥሮስ እንኳ አልቅሷል" አለች። ንጉሤ እግሩን አነባበረ።

ከሰዓት በኋላ ሆቴል ሲመጣ መልሱን አዘጋጅቶ ነው። እዚህ አገር ባለቤት የሌለው ዕቃ ሲገኝ ፖሊስ ይጠራል፣ ሁላችንም ተይዘን እንዳንጉላላ ብዬ ነው፣ ከናንተ ጋር ነኝ ብል ጥያቄው ይበዛ ነበር አለ። ማታ ግን እኔና ጋሽ ወልደሚካኤልን ለብቻችን ወስዶ ያለን ነገር፣ እስከ ዛሬ ሳስበው እጄን አፌ ላይ የሚያስጭነኝ ነው።

"አያችኋት?" አለ። ዓይኑ ያበራል። "በፈረንጅ ፊት ገመናዬን ሸፈነችልኝ። ሚስት ማለት ይህች ናት። እንደተመለስን ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱልኝ።"

ያደግንበት ነገር ነው፤ የባሏን ጉድ በሰው ፊት የምትሸፍን ሴት እናቶቻችን ያመሰግኗታል። ንጉሤ ከአገሩ ይዞ የመጣውን ነገር ሁሉ ንቆ ጥሏል፤ ይህችን ግን ለራሱ የምታመቸውን አልጣላትም።

ከዚያ በኋላ አምቧዝና ቱር የሚባሉ ሁለት ከተሞች ቀርተውን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ ግራ ተጋባሁ። ሰሎሜ አላኮረፈችም። አምቧዝ ቤተ መንግሥቱ ግንብ ላይ አጠገቡ ቆማ ስለ ነገሥታቱ ጠየቀችው፤ ነገራት። ቱር የገበያ ቀን ነበር፣ አብረው ዞሩ፤ ቅርጫት ገዛች፣ እሱ ተሸከመላት። ፆሙ ስለተፈታ እሱ ያወደሰውን አይብ ቀመሰች፣ ጥሩ ነው አለች። ወንዝ ዳር እንደ በፊቱ ተቀመጠች። ንጉሤ ከእኛ ፊት ፊት እየሄደ እጆቹን ኋላው አጣምሮ የሠርግ አዳራሽ የሚመርጥ ሰው መሰለ። ሙሉወርቅ ተናደደችባት፤ ማታ ክፍላቸው ውስጥ ምን ዓይነት ደንዳና ነሽ እንዳለቻት ኋላ ነግራኛለች። ሰሎሜ፣ "ወንዙን ልይበት ተዪኝ" ብላት ተኛች።

ኮሎምበስ በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ቆመን ሳንናገር ተቀመጡ አለች፤ ምሳ አቀረበች፤ ከበላን በኋላ እጇን ታጥባ ፊታችን ተቀመጠች። መልሱ አይሆንም ነው አለች። ጋሽ ወልደሚካኤል እርቅ የለመዱ ሰው ናቸውና ቶሎ አልተዉም። ሰው በፈረንጅ ፊት ይደናገጣል፣ ያፍራል፣ በአንድ ቀን ስህተት ሰው አይጣልም አሉ።

"ማፈሩንስ አልጠላሁበትም ጋሼ" አለች። "ሰው በእናቱም ያፍራል። እኔ ጫማ አድዬ ስነሳ ዞሬ አየሁት። ቡናውን እየጠጣ ነበር። አልቸኮለም። እስኪያልቅ ጠጣው።"

ጋሽ ወልደሚካኤል ለምሳው መርቀዋት ተነሡ።

ከእሷ ቤት በቀጥታ ወደ እሱ ሄድን። ሸሚዙን ለውጦ፣ ጠረጴዛው ላይ ወይን ከብርጭቆዎች ጋር ደርድሮ ነበር የጠበቀን። ሲሰማ አልጮኸም። ሳቀ። ሽሮ የምትሸጥ ሴት ካቴድራልን ከምን ታውቀዋለች አለ። ጫማዋን አውልቃ የምትዞር ሴት ይዞ አውሮፓ መውጣት የእሱ ስህተት መሆኑን፣ እንኳን እንዲህ በጊዜ ተገላገለ እንደሚባል፣ ኮሎምበስ ውስጥ ከዚህ በላይ መጠበቅም ሞኝነት እንደነበር ተናገረ። ለአንድ ብርጭቆ ብቻ፣ ለራሱ፣ ቀዳ። እኛ ልንነሳ ስንል ግን ብርጭቆውን ሳይነካ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጋሽ ወልደሚካኤልን ጠየቃቸው።

"መቼ ነው የወሰነችው? እዚህ ከመጣን በኋላ ነው?"

"እዚያው ነው" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። "ደረጃው ላይ።"

ንጉሤ አሰበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ አምቧዝን፣ ገበያውን፣ ቅርጫቱን የሚቆጥር ይመስለኛል።

"ታዲያ ለምን ሁለቱን ከተማ አብራኝ ዞረች?"

ሰው ማሳፈር የማይወዱት ጋሽ ወልደሚካኤል ኮታቸውን ለበሱ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ በሩን ከፈቱ።

"ማየት ፈልጋ ነዋ" አሉ። "ቲኬቱም ተቆርጦ ነበር።"